ፎቶው አልተበላሸም ነበር

መስከረም 20፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ። ታናሽ እህቴ ስልኳን እንደያዘች ወደ ክፍሌ ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ምንም ሳትናገር ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አቀረበችው። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ካመለከተች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ መልሱን እየጠበቀ ነበር። የመጣው ኢሜይል ግን መልስ አልነበረም። ባጭሩ “ያያያዙት የዲግሪ ማስረጃ ሊከፈት አልቻለም፤ እስከ ነገ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ የሚከፈት ፋይል ካልላኩ ማመልከቻዎ አይታይም” ይላል።

“እንዴ! አስገብቼዋለሁ እኮ! አረንጓዴ ምልክት ሁሉ አሳይቶኛል” አለች።

እኔ በቤታችን “ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ” ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት ከዓመታት በፊት የጎረቤታችንን ፕሪንተር ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ስለሰካሁት ብቻ ነው፤ ግን እንዲህ ዓይነት ማዕረግ አንዴ ከተሰጠ አይነሣም። “ነይ ቁጭ በይ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው” አልኳት። አምስት ደቂቃ ያልኩት ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣን። ይባስ ብሎ፣ በዚያ ሌሊት ፋይሉን የምር ያበላሸሁት እኔው ራሴ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው ስልኩ “ፋይሉ ተበላሽቷል” ሲለው ደንግጦ ፎቶውን ለሚያጠፋ፣ ወይም የፋይሉን ስም ቀይሮ “ተስተካከለ” ብሎ ለሚልክ ሰው ሁሉ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አልተበላሸም። የሚያበላሸው የእኛ ድንጋጤ ነው።

ማስረጃው ደሴ፣ ቁልፉ ግሸን

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እህቴ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ደሴ አክስታችን ቤት ሆና ነው። አክስቴ ደግሞ የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ናት፤ ከልደት ካርድ እስከ ቤት ካርታ ያለው ወረቀት ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ሳጥን ውስጥ ነው። የእህቴ ዲግሪም እዚያው ነው። ለእንቁጣጣሽ ከዱባይ የመጣው የአክስቴ ልጅ ዲግሪውን በአይፎኑ አነሣና በቴሌግራም ላከልን። “ጥራቱ እንዳይቀንስ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላከው” ያልኩት እኔ ነኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። ያላሰብኩት አይፎኑ ፎቶውን በምን ፎርማት እንዳስቀመጠው ነው።

የማመልከቻው ቅጽ የሚቀበለው ጄፔግ፣ ፒኤንጂ ወይም ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ መጠኑም ከ2 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። የእህቴ ፋይል ስም መጨረሻው “ሄይክ” ስለነበር ቅጹ መለሰባት። ጓደኛዋን ብትጠይቃት “ቀላል ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አጥፊና ጄፒጂ ብለሽ ጻፊበት” አለቻት። ጻፈች። ቅጹ ተቀበላት። አረንጓዴዋ ምልክት መጣች። ቅጹ ያየው የፋይሉን ስም ብቻ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ግን ሊከፍት የሞከረው ውስጡን ነው።

ያን ማታ ይህን አላወቅንም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ስሞክረው “ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ፎርማቱ አይታወቅም” አለኝ። እህቴ በአሮጌው አንድሮይዷ ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ብትነካው እሱም አልከፈት አለ። ስለዚህ “በቃ፣ ከምንጩ ነው የተበላሸው” ብለን ደመደምን።

አክስቴ ጋ ደወልን፤ ስልኳ ከኔትወርክ ውጭ ነው። ለካ ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄዳለች፤ በዓሉ በማግስቱ መስከረም 21 ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ሁሌም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስለምትይዘው ቁልፉም አብሮ ግሸን ወጥቷል ማለት ነው። ዱባይ ያለው ልጅ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው፤ ስልክ አያነሣም። በእጃችን ያለው ያ የማይከፈት ፋይል ብቻ ነው።

ኖትፓድ ላይ የሠራሁት ጉድ

የሆነ ጊዜ “የማይከፈት ፋይል በጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ሲከፈት ምንነቱ ይታወቃል” ሲባል ሰምቼ ነበር። የሰማሁት ግን ግማሹን ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። ስክሪኑ በማይነበቡ ምልክቶች፣ በሳጥኖችና በጥያቄ ምልክቶች ጢም ብሎ ሞላ።

“ቫይረስ ነው እንዴ?” አለች እህቴ።

“አይ፣ የፎቶ ቋንቋ ነው” አልኳት፣ የማውቅ መስዬ።

ከዚያ “ሴቭ አዝ” የሚለውን ተጫንኩ። ከስሙ ጫፍ “ጄፒጂ” ብዬ ጻፍኩ። “በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ልተካው?” ሲለኝ ሳላመነታ “አዎ” አልኩ። በኔ ቤት ፎርማት መቀየሬ ነው። እንዲያውም ፋይሉ ከ1.8 ሜጋባይት ወደ 3 ሜጋባይት ገደማ ሲያድግ “ጥራቱ ጨመረ” ብዬ ደስ አለኝ። ልክፈተው ብል ግን አሁንም እምቢ። ስሙን ደግሜ ቀየርኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ነው። እህቴ መናገር አቁማለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም።

የኒዶ ጣሳና በርበሬ

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ቆመን ነበር። ልጁ ገና በሩን እየከፈተ ነው። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሰፈሩን ሲቪ ሲያስተካክል የሚውል ልጅ ነው። ፍላሹን ሰጠሁት። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፋይሉን ኮፒ ማድረግ ነው። ከዚያ ኮፒውን በኖትፓድ ከፈተው። እኔ ማታ ያየሁት ዝባዝንኬ መጣ። እሱ ግን ወደ ታች አልወረደም፤ በጣቱ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ጠቆመ። ከማይነበቡት ምልክቶች መሃል ጥርት ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፦ ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ፤ ቀጥሎም ኤች፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ።

“ይሄ ጄፔግ አይደለም ብሮ። ሄይክ ነው። ስሙን ነው የቀየራችሁት።”

“ስሙን ከቀየርነው ጄፔግ ሆነ ማለት አይደል እንዴ?” አለች እህቴ።

ሳቀ። “እህቴ፣ ቤታችሁ ኩሽና ውስጥ የኒዶ ጣሳ አለ?”

“አለ።”

“ውስጡ ምንድን ነው ያለው?”

“በርበሬ።”

“በቃ፣ እሱ ነው።”

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ልጁ ስሙን ወደ ሄይክ መልሶ ሊከፍተው ሞከረ። የእሱ ኮምፒውተር ሄይክን የሚያነብ ተጨማሪ ፕሮግራም ተጭኖለታል። ግን አልከፈተውም። ፊቱ ተለወጠ። “ይሄን ፋይል ከየት ነው ያመጣችሁት?” ሲል ጠየቀ። እህቴ ቴሌግራሙን አሳየችው። አየና “እዚህ ላይ 1.8 ሜጋባይት ይላል፤ ፍላሹ ላይ ያለው 3 ነው። ካልተነካ እንዴት ሊያድግ ቻለ?” አለ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ተናዘዝኩ።

“ምንም አይደል፤ ኦሪጅናሉ ቴሌግራም ላይ አለ አይደል? እኔ ጋ ላኪው፤ ስሙን አትንኪው፤ ፎቶም አታድርጊው፤ እንዳለ” አላት።

ላከችለት። ዳውንሎድ አደረገ። ከፈተ። የእህቴ ዲግሪ ከነማህተሙ፣ ከነፊርማው፣ ከአክስቴ የጠረጴዛ ልብስ አበባዎች ጋር ስክሪኑ ላይ ፍክት አለ። እህቴ አለቀሰች። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አየር ወሰድኩ።

አላለቀም። ልጁ ፎቶውን ወደ ጄፔግ ሲቀይረው መጠኑ ከ3 ሜጋባይት በላይ ሆነ፤ ቅጹ ደግሞ ከ2 በላይ አይቀበልም። ስለዚህ የጠረጴዛውን ልብስ ዙሪያውን ቆረጠው፤ ስፋቱን ቀነሰው፤ ፊደሉ የሚነበብ መሆኑን አጉልቶ አየ። አሁን 1.2 ሆነ። መጨረሻ ላይ ያደረገው ነገር ነው የገረመኝ። ፋይሉን ለእህቴ በፋይል መልክ መልሶ ላከላትና “በዚህ አሮጌ ስልክሽ ክፈቺው” አላት። ተከፈተ። “ባንቺ ስልክ ከተከፈተ በማንም ስልክ ይከፈታል” አለ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ላክነው። የጠየቀን 30 ብር ነው።

ፋይል ውስጥ ያለው መታወቂያ

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ስላንገበገበኝ ቁጭ ብዬ አጠናሁት። እንዲህ ነው። ማንኛውም ፎቶ ለስልካችሁ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ባይት ይባላል፤ ዋጋውም ከ0 እስከ 255 ነው። ፎርማት የምንለው እነዚህ ቁጥሮች የሚደረደሩበትን ሕግ ነው። ሕጉን የማያውቅ ፕሮግራም ሰልፉን ሊያነብ አይችልም፤ አለማወቁን ግን ብዙ ጊዜ “ፋይሉ ተበላሽቷል” ብሎ ነው የሚያወራው። አማርኛ የማያነብ ሰው ደብዳቤያችሁን አይቶ “ይሄ ወረቀት ተበላሽቷል” እንደማለት ነው።

ደግነቱ አብዛኞቹ ፎርማቶች ሰልፉ መጀመሪያ ላይ መታወቂያቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት። ፋይሉን በኖትፓድ ወይም በሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም ስትከፍቱ የምታዩት እሱን ነው፦

– ከመጀመሪያው መስመር ላይ ጄ፣ ኤፍ፣ አይ፣ ኤፍ ወይም “ኤግዚፍ” የሚል ካያችሁ ጄፔግ ነው።

– ከአንድ እንግዳ ምልክት ቀጥሎ ፒ፣ ኤን፣ ጂ ካለ ፒኤንጂ ነው።

– ጂ፣ አይ፣ ኤፍ ብሎ 87 ወይም 89 የሚል ቁጥር ከተከተለ ጊፍ ነው።

– አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ብሎ ትንሽ አለፍ ሲል “ዌብፒ” ካለ፣ ከድረ ገጽ የወረደ ዌብፒ ነው።

– ኤፍ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ፒ ብሎ ኤች፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ ከተከተለ የእኛው ሄይክ ነው።

– የመቶኛ ምልክትና ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ ካለ ፒዲኤፍ ነው።

– “ኤችቲኤምኤል” የሚል ቃልና ሙሉ የሚነበብ ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ያወረዳችሁት ፎቶ ሳይሆን ድረ ገጽ ነው፤ ምናልባትም “ግባና ሞክር” ወይም “ገጹ የለም” የሚል። እሱን ወደ ጄፔግ ልቀይረው ብትሉ ዕድሜ ልካችሁን አይቀየርም። ፎቶውን እንደገና ማውረድ ነው።

እኔ ማታ ያጠፋሁት የቱ ጋ ነው ታዲያ? በኖትፓድ መክፈቴ ጥፋት አልነበረም፤ ሴቭ ማድረጌ ነው። የጽሑፍ ፕሮግራም እያንዳንዱን ቁጥር ፊደል አድርጎ ለማንበብ ይሞክራል። ፊደል የማይሆንለትን በሌላ ምልክት ይተካዋል። ሴቭ ስትሉት የሚጽፈው የተካውን ነው እንጂ የነበረውን አይደለም። አንዱ ቁጥር በሁለትና በሦስት ቁጥር ሊተካ ስለሚችል ነው ፋይሉ ያደገው። ጥራት ጨመረ ያልኩት ነገር ቆሻሻ ነበር። የሚገርመው፣ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት በዚህ ሂደት ስለማይነኩ መታወቂያው ሳይጠፋ ቀርቷል። ካርዱ አለ፤ ሰውየው ግን የለም።

የፒኤንጂ ፈጣሪዎች እንደኔ ያለ ሰው እንደሚመጣ ቀድመው ያወቁ ይመስላሉ። ፒኤንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የፋይሉ የመጀመሪያ ስምንት ባይቶች በብልሃት የተመረጡ ናቸው። ከሦስቱ ፊደላት ቀጥሎ፣ ጽሑፍ ላይ መስመር ለመቀየር የሚያገለግሉ ቁጥሮች ሆን ተብለው ገብተዋል። ፋይሉን እንደ ጽሑፍ የሚያስተናግድ ፕሮግራም እነዚያን ቁጥሮች ከለወጠ ፎቶ ከፋቹ ገና ከበሩ ላይ “ይሄ ተነክቷል” ብሎ ያውቃል።

ሄይክ ለምን መጣ?

“ታዲያ ምን አስጨነቃቸው፣ ለምን ሁሉም ጄፔግ አይጠቀሙም?” ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ጄፔግ መስፈርት ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ዛሬም የማይከፍተው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። ግን ያኔ ኪሳችን ውስጥ ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠናቀቀው አዲሱ መስፈርት ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ በግማሽ ገደማ መጠን ያስቀምጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ አይፎን 7ንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ስልኮች ፎቶ በዚህ እንዲያስቀምጡ አደረገ። 128 ጊጋ ስልክ ይዞ “ስቶሬጅ ሞልቷል” እያለ ለሚያለቅስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። ሄይክ ውስጥ ያለው የማመቂያ ዘዴ የብዙ ኩባንያዎች የባለቤትነት መብት ያለበት፣ ክፍያ የሚጠየቅበት ነው። ስለዚህ ሁሉም መሣሪያ በነፃ ይዞት አይመጣም። ዊንዶውስ ላይ ማንበቢያው በተጨማሪነት የሚጫንባቸው ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው። አንድሮይድም በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው አንድሮይድ 9 ነው። የእህቴ ስልክ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ፎቶው ደኅና ነበር፤ ስልኳ ነው ቋንቋውን የማያውቀው።

ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በየራሳቸው ፎንት በሚሠሩ ሶፍትዌሮች ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በእንግሊዝኛ ፊደላትና በምልክቶች የተሞላ ትርኪምርኪ ይሆናል። “ቫይረስ በላው” ተብሎ ስንት ጽሑፍ ተጥሏል! ጽሑፉ ግን እዚያው ነበር። የጎደለው ማንበቢያው ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 በኮሮና ምክንያት የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኤፒ የሚባለውን ፈተና ከቤታቸው ሲወስዱ፣ በእጅ የጻፉትን መልስ ፎቶ አንስተው አፕሎድ ማድረግ ነበረባቸው። ሲስተሙ ጄፔግና ፒኤንጂ ይቀበላል፤ ሄይክ አይቀበልም። አይፎን የያዙ ተማሪዎች መልሳቸውን ጨርሰው፣ ፎቶውን አንስተው፣ አፕሎዱ አልሄድ ብሎ ሰዓቱ አለቀባቸው። ወራት የተዘጋጁበትን ፈተና በጁን ወር እንደገና እንዲወስዱ ተነገራቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ከሳምንት በኋላ አፕሎዱ እምቢ ያላቸው መልሳቸውን በኢሜይል እንዲልኩ ፈቀደ። ቀድመው የወደቁት ግን ይህ ዕድል አልደረሳቸውም። መልሱን ያውቁታል፤ የጣላቸው የፋይል ፎርማት ነው።

እናንተ ሲያጋጥማችሁ

ፎቶ አልከፈት ሲላችሁ ወይም ቅጽ ሲመልስባችሁ መጀመሪያ ምንም አትንኩ። ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ችግሩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አንደኛው የስምና የይዘት አለመገጣጠም ነው፤ ጣሳው ኒዶ ይላል፣ ውስጡ በርበሬ ነው። ኮፒውን በጽሑፍ ፕሮግራም ክፈቱና መታወቂያውን እዩ፤ ሴቭ ሳትሉ ዝጉ። “ለውጡን ላስቀምጥ?” ብሎ ከጠየቃችሁ መልሳችሁ ሁልጊዜ “አይ” ነው። ከዚያ ትክክለኛ ስሙን መልሱለት።

ሁለተኛው የአንባቢ እጦት ነው። ፋይሉ ደኅና ነው፤ መሣሪያችሁ ግን አያውቀውም። መፍትሔው በሚያውቀው መሣሪያ ከፍቶ የምር መቀየር ነው። አይፎን ላይ ከሆነ ፎቶውን “ፋይልስ” ወደሚለው አስቀምጡትና ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ በቅርብ ዓመታት ሲስተሞች ላይ “ኮንቨርት ኢሜጅ” የሚል ምርጫ ይመጣል። በቴሌግራም በፋይል ሳይሆን በፎቶ መልክ መላክም ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፤ ግን ፎቶውን ስለሚያሳንሰው የማስረጃ ጥቃቅን ፊደላት ሊደበዝዙ ይችላሉ። ለሰርግ ፎቶ ይሆናል፤ ለዲግሪ አጉልታችሁ ሳታዩ አትላኩ።

ሦስተኛው የምር መበላሸት ነው። መጠኑ 0 የሚል ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ከላይ ታይቶ ከታች ግራጫ ከሆነ፣ ዳውንሎዱ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ይህን የትኛውም መቀየሪያ አያድነውም። ከምንጩ እንደገና አውርዱ። ለዚህ ነው ኦሪጅናሉን ማጥፋት የሌለባችሁ፤ እኛንም ያተረፈን ቴሌግራም ላይ ሳይነካ የቀረው ነው።

ከመጀመሪያው ችግሩን ማስቀረትም ይቻላል። አይፎን ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ “ሞስት ኮምፓቲብል” የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ የምታነሡት ፎቶ ጄፔግ ይሆናል። የድሮዎቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ሳምሰንግ የያዛችሁም የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ “ሃይ ኤፊሸንሲ” የሚል ምርጫ በርቶ እንደሆነ እዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ “ፎቶዎን በነፃ እንቀይራለን” የሚሉ ገጾች ሞልተዋል። የድመት ፎቶ ከሆነ ግድ የለም። ፓስፖርት፣ ፋይዳ ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ ዲግሪ ከሆነ ግን ማን እንደሆነ ለማታውቁት ሰው ማስረጃችሁን እየሰጣችሁ መሆኑን አትርሱ። ራሳችሁ ስልክ ላይ የሚቀየርበት መንገድ እያለ ያን ማድረግ ምን አመጣው?

በመጨረሻም የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ያስተማረን፦ አረንጓዴ ምልክት “ደረሰ” ማለት እንጂ “ተከፈተ” ማለት አይደለም። የምትልኩትን ፋይል ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት፤ ቢቻል ከሁሉም በሚያረጀው ስልክ።

በዚያው ቀን ከሰዓት “ማስረጃዎ ደርሶናል፤ ማመልከቻዎ ይታያል” የሚል ኢሜይል መጣ። ዕድሉን ታገኛለች ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሁንም እየጠበቅን ነው። ቢያንስ ከሚታዩት አንዷ ናት።

በሁለተኛው ቀን ማታ አክስቴ ከግሸን ወርዳ ኔትወርክ አገኘች መሰለኝ፣ ደወለች። “ምነው ልጆቼ፣ 23 ጊዜ ደውላችኋል፤ ማን ሞተ?” አለች። እህቴ እየሳቀች ሁሉንም ነገረቻት። አክስቴ ዝም ብላ ሰማችና “እኔ እኮ ወረቀቱን በደኅና ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ ምን ትነካካላችሁ?” አለች።

አሁን እህቴ ላፕቶፑ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍታለች። ስሙን “ኦሪጅናል – የማይነካ” ብላዋለች። ወደኔ እያየች ነው የጻፈችው።

ቸር እንሰንብት።